አንቲቫይረስ ልግዛ ወይስ የዊንዶውሱ ይበቃል? ጥቆማ ፈልጌ ነበር

አዲስ_ላፕቶፕ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ላፕቶፕ ከገዛሁ ገና ሁለት ወሬ ነው፣ ዊንዶውስ 11 ነው፣ ሲመጣ አብሮት የተጫነ አንቲቫይረስ ነበረው አሁን የሙከራ ጊዜው አልቆ ክፈይ ክፈይ እያለ ያጨናንቀኛል። በዛ ላይ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከታች በቀኝ በኩል "ኮምፒውተርሽ 5 ቫይረስ አለበት" የሚል ነገር በየ10 ደቂቃው ብቅ ይላል፣ ድምፅ ሁሉ አለው። የምጠቀመው ለዎርድ፣ ለኢሜይልና ፊልም ለማየት ነው። ልክፈል? ነፃውስ ይሻላል? ወይስ ምንም ባይኖርስ? የሞከራችሁትን ብቻ ንገሩኝ እባካችሁ

አረንጓዴ_ጋሻ፦
ካስፐርስኪ። አትድከሚ። 12 ዓመት ተጠቅሜበታለሁ አንድ ቫይረስ አላየሁም

ዝም_ባይ፦
እኔ ደሞ 12 ዓመት ምንም ሳልገዛ አንድ ቫይረስ አላየሁም

አረንጓዴ_ጋሻ፦
አለማየትና አለመኖር ይለያያል ወንድሜ፣ ያንተ ተደብቆ ይሆናል

ዝም_ባይ፦
ያንተስ?

ኪቦርዱ_የተሰበረ፦
ለምትዪው ስራ ዲፌንደር ይበቃሻል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አብሮ የሚመጣ ሙሉ አንቲቫይረስ ነው እንደ ድሮው ለይስሙላ የተቀመጠ አይደለም። ግን አንድ ነገር ልብ በይ፣ ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር ራሱን ገለል ያደርጋል፣ ሁለቱ አንድ ፋይል ላይ እንዳይጣሉ። ስለዚህ ያ ጊዜው ያለፈበት እዛው ተገትሮ ዲፌንደርሽ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ክፈቺና ማን ስራ ላይ እንዳለ እዪ፣ የማትከፍዪበት ከሆነ አሮጌውን አንኢንስቶል አድርገሽ ሪስታርት በይው፣ ዲፌንደሩ ይነሳል።

ፔንግዊን፦
በዊንዶውሱ ፋንታ ሊኑክስ ጫኚ ተገላገዪ

አዲስ_ላፕቶፕ፦
ዎርድ ይሰራል?

ፔንግዊን፦
ዎርድ ምን ያደርግልሻል

ጥቁር_ስክሪን፦
ይቅርታ ግን ይበቃል አይበቃም ትላላችሁ፣ እኔ በገንዘቤ የገዛሁት (ስሙን አልጠራም) ተጭኖ እያለ ነው ጉድ የሆንኩት!! ጠዋት ስከፍት የፋይሎቼ ምልክት በሙሉ ነጭ ወረቀት ሆኗል፣ ከስማቸው ኋላ የማላውቃቸው አራት ፊደሎች ተቀጥለዋል፣ እያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ አንዳንድ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል ስከፍተው ገንዘብ ላክ ይላል። የ4 ዓመት ፎቶ፣ ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትራመድ የቀረፅኩት ሳይቀር። ባካፕ የማደርግበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ደሞ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ አድሮ ነበር እሱም አብሮ ሄደ። ስለዚህ ሁሉም ሌቦች ናቸው ማንንም አትመኚ

ፍላሽ_በኪሴ፦
አይዞህ ወንድሜ። እኔም ፍላሼ ላይ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነውብኝ አልቅሼ ነበር፣ በኋላ ሲታይ ፋይሎቹ አልጠፉም ተደብቀው ነው፣ ሂደን ፋይል አሳይ ሲባል ወጡ

ጥቁር_ስክሪን፦
የኔ እንደሱ አይደለም ተቆልፎ ነው

የማታ_ፈረቃ፦
በጣም ያሳዝናል። ከዛ በፊት ባለው ቀን የጫንከው ነገር ነበር?

ጥቁር_ስክሪን፦
አንድ የፎቶ ማስተካከያ ነው፣ ክራክ (ሳይከፈልበት እንዲሰራ ቁልፉ የተሰበረ)። መመሪያው ላይ መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ ይላል አጠፋሁት ከዛ መልሼ ማብራቱን ረሳሁት ግን ይሄ ምን አገናኘው

ዝም_ባይ፦
ዘበኛውን አሰናብተህ፣ ሌባውን በእጅህ ይዘህ አስገብተህ፣ ጠዋት ተነስተህ ዘበኛው ሌባ ነው

ጥቁር_ስክሪን፦
ክራክ የማይጠቀም ማን አለ?? እኔ ላይ ብቻ ነው እንዴ

የማታ_ፈረቃ፦
ተዉት በቃ። ስማ፣ ፋይሎቹን እንዳታጠፋ፣ ብሩንም አትላክ። ኖ ሞር ራንሰም የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለ በፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ ያለ፣ አንድ የተቆለፈ ፋይልና ያንን የገንዘብ ላክ ጽሑፍ ስትሰጠው የየትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለይልሃል፣ መክፈቻ የተሰራለት ከሆነ በነፃ ታወርዳለህ። ባይገኝም ሃርድ ዲስኩን አስቀምጠው፣ ለአንዳንዶቹ መክፈቻው ቆይቶ ነው የሚወጣው። ለወደፊቱ ደሞ ባካፕህን ገልብጠህ እንደጨረስክ ንቀለው።

አረንጓዴ_ጋሻ፦
ኖ ሞር ራንሰምን ካቋቋሙት አንዱ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ካስፐርስኪ!!

ኪቦርዱ_የተሰበረ፦
ከዩሮፖልና ከሆላንድ ፖሊስ ጋር፣ ልክ ነህ። አሜሪካም በ2024 አገሯ ውስጥ እንዳይሸጥ ከልክላለች እሱንም ጨምርበት

አረንጓዴ_ጋሻ፦
እሱ ፖለቲካ ነው

ፖም_አፍቃሪ፦
የአፕል ኮምፒውተር፣ ማክ፣ ቫይረስ አይነካውም ለዚህ ነው እኔ እንቅልፌን የምተኛው

ኪቦርዱ_የተሰበረ፦
በ2012 ፍላሽባክ የሚባለው 600 ሺህ ገደማ ማክ ገብቶ ነበር፣ ያኔም ተኝተህ ነበር መሰለኝ። ማክም እኮ ኤክስፕሮቴክት የሚባል የራሱ ቫይረስ መከላከያ አለው፣ ስለማታየው ነው የሌለ የመሰለህ። ሁላችሁም የምትዘሉት ነገር ደሞ አፕዴት ነው። ዋናክራይ የሚባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በግንቦት 2017 ዓለምን ሲያምስ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው በመጋቢት ነበር፣ ሁለት ወር ሙሉ "በኋላ አስታውሰኝ" ሲሉ የነበሩት ናቸው የተበሉት (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው ያልኩት)።

ሞባይል_ብቻ፦
ለስልክስ የቱ ይሻላል?

ፔንግዊን፦
ላፕቶፑ ከዘገየ ኤስኤስዲ ይቀየርለት

አዲስ_ላፕቶፕ፦
አልዘገየም እኮ፣ እኔ የጠየቅኩት ሌላ

የማታ_ፈረቃ፦
እህቴ እንመለስና ያ 5 ቫይረስ የሚለው ነገር ብቅ ሲል ከስሩ በደቃቁ የተጻፈ ስም አለ?

አዲስ_ላፕቶፕ፦
ቆይ ይምጣ... አዎ ክሮም ይላል ከዛ የሆነ የማላውቀው ድረ ገጽ

የማታ_ፈረቃ፦
እንደገመትኩት። ፊልም ስትፈልጊ አንዱ ገጽ "ሮቦት አለመሆንሽን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ተጫኚ" ብሎሻል አይደል?

አዲስ_ላፕቶፕ፦
ኧረ! እንዴት አወቅክ??

የማታ_ፈረቃ፦
እሱ ቫይረስ አይደለም፣ ማስታወቂያ እንዲልክልሽ ፈቃድ የሰጠሽው ገጽ ነው። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ፣ ከዛ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዛ ኖቲፊኬሽንስ ግቢ፣ የተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ ታገኚዋለሽ፣ ሰርዢው። ብቅ ያለውን ግን በፍጹም እንዳትጫኚ፣ ወይ ክፈይ ይልሻል ወይ እውነተኛውን ቫይረስ ያወርድልሻል። ከዛ በዲፌንደር አንድ ፉል ስካን አድርጊ፣ ረጅም ሰዓት ይፈጃል ማታ ለቀሽው ተኚ

አዲስ_ላፕቶፕ፦
ጠፋ!!!! አንድ ብቻ መስሎኝ 4 ነበሩ ሁሉንም ሰረዝኳቸው። እግዜር ይስጥህ ወንድሜ ተባረክ

ኪቦርዱ_የተሰበረ፦
አንቲቫይረሱንስ ታዲያ ምን አደረግሽው?

ኪቦርዱ_የተሰበረ፦
?

አረንጓዴ_ጋሻ፦
ካስፐርስኪ ገዝታ ይሆናል

ሞባይል_ብቻ፦
ለስልክ ግን የሚያውቅ የለም?

ጥቁር_ስክሪን፦
የማታ_ፈረቃ እዛ ገጽ ላይ አስገባሁት፣ ለዚህኛው ለጊዜው መፍትሄ የለም አለኝ፣ ሃርድ ዲስኩን እንዳልከኝ አስቀምጬዋለሁ። ዊንዶውሱን ግን እንደ አዲስ አስጫንኩት አሁን ንፁህ ነው። ያንን የፎቶ ማስተካከያ ሌላ የተሻለ ክራክ ሊንክ ያለው ካለ በውስጥ መስመር ላኩልኝ