«አንድ ጥፊ ነበር የሚያስፈልገው»

ቀለም ቀንድ፦ ትናንት አንዱ እዚሁ ስለ ሆልደን ኮልፊልድ፣ ስለ ሳሊንጀር «ዘ ካቸር ኢን ዘ ራይ» ልቦለድ ተራኪ፣ «ሲነጫነጭ ጀምሮ ሲነጫነጭ ጨረሰ፤ አንድ ጥፊ ነበር የሚያስፈልገው» ብሎ ጻፈ፤ ሁሉም አጨበጨበለት። ታናሽ ወንድሙ በሉኪሚያ በሞተበት ሌሊት የጋራዡን መስታወት በሙሉ በቡጢ የሰበረ የ13 ዓመት ልጅ ነው እኮ! ጥፊ?

ነጭ ወረቀት፦ አንዱ እኔ ነኝ። አልሰርዘውም። ሐዘን የደረሰበት ሁሉ ያገኘውን ሰው «አስመሳይ» እያለ ይስደብ? ያውም ከኔ የባሰ ውሸታም አይታችሁ አታውቁም ብሎ በአፉ እያመነ!

ቀለም ቀንድ፦ ባቡሩ ላይስ? የክፍል ጓደኛውን እናት ያገኛል። ልጇ የለየለት ክፉ ነው። እሱ ግን ዓይናፋር ነው፣ ሰው ይወደዋል እያለ ደስ ያሰኛታል። ለእናት ብሎ ነው የዋሸው።

ነጭ ወረቀት፦ ለእናት ብሎ! ለምን ያለጊዜው ወደ ቤት እንደሚሄድ ስትጠይቀው ጭንቅላቴ ውስጥ እጢ አለ ያላትስ? የጽዳት ሠራተኛውን ስም የኔ ነው ያላትስ? እሱም ለእናት ነው፣ እህቴ?

ሰፌድ፦ ውሸታምና የማይታመን ተራኪ፣ ማለትም አንባቢውን የሚያሳስት፣ ለየቅል ናቸው። ሆልደን ለሴትዮዋ ይዋሻል፤ ለእኛ ግን ውሸቱን አንድ በአንድ ይቆጥርልናል። የምትፈሩ ከሆነ የ«ኤ ሴፐሬት ፒስ» ልቦለድን ተራኪ ጂንን ፍሩ። ጓደኛው ከዛፍ ወድቆ እግሩ ሲሰበር ጉልበቴ ታጠፈ ይለናል። ጉልበቱ በራሱ ፈቃድ ታጠፈ!

የኋላ ገጽ፦ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሰው እንጂ። ቅርንጫፉን ነቀነቅኩት ብሎ ቀጥሏል። የደበቀን ለምን እንደሆነ ነው።

ሰፌድ፦ እኔስ ምን አልኩ?

የኋላ ገጽ፦ ግማሹን። ደግሞ የዲክንስን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ልቦለድ ተራኪ ፒፕን ማን ረሳው? ያሳደገው ጆ ለንደን ድረስ ሊጠይቀው ሲመጣ፣ ከፍዬ ማስቀረት ብችል ከፍዬ ባስቀረሁት ነበር የሚል ልጅ ነው። ምስኪኑ ጆ ባርኔጣው በወደቀ ቁጥር እያነሳ፣ የገዛ ልጁን ያህል የሚያየውን «ጌታዬ» እያለ ይቀመጣል። ለፒፕ ግን ጥፊ ያዘዘ የለም።

ነጭ ወረቀት፦ ምክንያቱም ፒፕ ራሱን በጥፊ ይመታል። የኔ እጅ ያርፋል።

ቀለም ቀንድ፦ ፒፕ እኮ አዋቂ ሆኖ ነው የሚተርከው። ሆልደን 17 ዓመቱ ነው፤ ነገሩ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም፤ ገና እየታከመ ነው። መቼ ይጸጸት?

ሰፌድ፦ ጋራዡ ላይ ላርም፦ የመኪናውንም መስታወት ሊሰብር ሞክሮ ነበር። እጁ ቀድሞ ተሰብሮ ነው ያቃተው።

ቀለም ቀንድ፦ ይኸው፣ ሌላ ማስረጃ።

ነጭ ወረቀት፦ ለማን?

የኋላ ገጽ፦ ለማንኛውም መጽሐፉ ውስጥ ተመትቷል። የማደሪያ ክፍል ጓደኛው ስትራድሌተር አፍንጫውን አድምቶታል፣ የሆቴሉ አሳንሰር ሠራተኛ ሞሪስ ደግሞ ሆዱን ብሎታል። ምን ለወጠው?

ነጭ ወረቀት፦ ሁለቱም ቡጢ ነው። እኔ ያልኩት ጥፊ ነው።