አጃንታን ከእናቴ ጋር ለማየት ምክር ፈልጌ ነበር

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ሕንድ፣ ፑኔ ነው የምማረው። እናቴ ለሕክምና መጥታ ነበር፤ አሁን ተመስገን ተሽሏታል። አገር ቤት ከመመለሷ በፊት ገደል ላይ የተፈለፈሉትን የአጃንታ የቡድሃ ዋሻዎች ላሳያት እፈልጋለሁ። ቅዳሜ አውራንጋባድ ከተማ ገብተን እሁድ የኤሎራ ዋሻዎችን፣ ሰኞ አጃንታን ለማየት አስበናል። ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ይከብዳታል። ጾም ላይም ናት። ትችለው ይሆን?

መንገደኛው፦
እንኳን እግዜር ማረልህ። መጀመሪያ ቀኑን ቀይር። አጃንታ ሰኞ ዝግ ነው፣ ኤሎራ ደግሞ ማክሰኞ። ስለዚህ እሁድ አጃንታ፣ ሰኞ ኤሎራ። እሁድ ሰው ስለሚበዛ በጠዋት ድረሱ። ከከተማው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 12 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ በእኛ 3 ሰዓት በሩ ሲከፈት ትደርሳላችሁ። መኪናችሁ እስከ ዋሻዎቹ አይገባም። 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ታቆሙትና በአውቶቡስ ትገባላችሁ። ከተማው አሁን ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ስለተባለ ትኬት ስትቆርጥ በሁለቱም ስም ፈልግ።

ባለካሜራዋ፦
ከሁሉ የሚከብደው መግቢያው ላይ ያለው ደረጃ ነው። ወንበር ላይ አስቀምጠው የሚሸከሙ ሰዎች አሉ፤ ዋጋውን አስቀድመህ ተነጋገር። እናትህ ካልፈለጉ ግን አታስጨንቃቸው፣ እያረፋችሁ ውጡ። ዋሻዎቹ 30 ገደማ ናቸው፣ ሁሉንም ካላየን አትበሉ። 1 እና 2 መግቢያው አጠገብ ናቸው፣ ከምርጦቹ ሥዕሎችም ብዙዎቹ እዚያ ናቸው። ቁጥር 1 ውስጥ፣ ከመቅደሱ በር በስተግራ፣ አበባ የያዘውን የፓድማፓኒን (የቡድሂስቶች ቅዱስ) ሥዕል ፈልጉ። ስትገቡ ጨለማ ነው፤ ዓይናችሁ እስኪለምድ ቁሙ። መጀመሪያ ዘውዱ፣ ቀጥሎ ወደ ታች ያዘነበለው ዓይኑ እየጎላ ይመጣል። አቅም ከተረፋቸው ወደ 17፣ ከዚያ ወደ 26 ዝለቁ፤ እዚያ 7 ሜትር ያህል የሚረዝም የተጋደመ ቡድሃ ከዓለቱ ተፈልፍሏል። ሥዕሎቹ ጭቃና ገለባ በተለሰነ ግድግዳ ላይ የተሣሉ ናቸው፣ ብዙዎቹም 1,500 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ፍላሽ ክልክል ነው። እጃችሁንም አታሳርፉባቸው፣ አደራ! ጫማ ስለሚወልቅ ካልሲ ያዙላቸው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ኤሎራስ ለእሷ ይቀላል?

ታሪክ ወዳዱ፦
በጣም ይቀላል፣ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከ34ቱ ዋሻዎች 12ቱ የቡድሃ ናቸው። እናትህን ግን በቀጥታ ወደ ቁጥር 16 ውሰዳቸው። የሂንዱ ቤተ መቅደስ ነው፤ እንደ ላሊበላ ከላይ ወደ ታች ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ። ላሊበላን ተሳልመው ከሆነ ማንም ሳያስረዳቸው ይገባቸዋል። ስትመለሱ ኩልዳባድ የምትባለው ከተማ ጎራ በሉ፣ መንገዳችሁ ላይ ነው። የማሊክ አምባር መቃብር እዚያ ነው። ከኢትዮጵያ በባርነት ተወስዶ ጦር መሪ የሆነ፣ አሁን የምታድሩበትን ከተማም በ1610 እ.ኤ.አ. ኻድኪ ብሎ የቆረቆረ ሰው ነው። የእኛ ሰው እዚያ ድረስ ሄዶ መቃብሩን ሳያይ ሲመለስ ያሳዝነኛል።

የፑኔዋ፦
ስለ ጾሙ፦ ሕንድ አገር ሥጋ የሌለው ምግብ ሞልቷል፣ ግን ወተትና ቅቤ ይገባበታል። ዳሉ (የምስር ወጣቸው) ላይ እንኳን ቅቤ ጣል ያደርጋሉ። ስታዝ «ቅቤ፣ እርጎ፣ ፓኒር (አይብ) የሌለበት» በል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ዳቦና ሙዝ ከከተማ ያዙላቸው፤ ያን ሰዓት ገና መንገድ ላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ።