ዋናውን ገጸ ባሕርይ መግደል፦ መጽሐፍ ላይና ስክሪን ላይ

ጀማሪው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የፋንታሲ ልብ ወለድ ረቂቅ ይዣለሁ፤ 40 ምዕራፍ ነው። ዋናው ሰውዬ ምዕራፍ 14 ላይ አንገቱ ይቀላል። ረቂቁን ያነበቡት ሦስቱም ሞቱን ወደውታል፤ ግን ምዕራፍ 16 እና 17 ላይ ሲደርሱ አስቀመጡት። ሞቱን ወደ ኋላ ልግፋው? ሌላም አለኝ፦ መጽሐፍ ላይ ያለ ሞት ለቴሌቪዥን ሲሠራ ዙሪያው ሁሉ የሚቀየረው ለምንድን ነው? ጌም ኦፍ ትሮንስን በመጽሐፍም በስክሪንም ስለማውቀው ምሳሌ ስትሰጡ አትሳቀቁ። ያልጨረሳችሁ ግን ከዚህ ብትመለሱ ይሻላችኋል።

ቀይ እስክሪብቶ፦
አትግፋው። ጉድለቱ ያለው ከምዕራፍ 1 እስከ 13 ነው። አንባቢ የሚሸሸው ሟቹ ይዞት የነበረው ጉዳይ ሁሉ አብሮት ሲቀበር ነው።

የጌም ኦፍ ትሮንሱን ኔድ ስታርክን ውሰድ። በ1996 በወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ 15 ምዕራፍ የተተረከው በእሱ ዓይን ነው፤ ከማንም ይበልጣል። ይሁንና እሱ ሲሞት ሚስቱ ኬትሊን፣ ልጆቹ አርያ፣ ሳንሳና ብራን፣ እንደ ልጁ ያሳደገው ጆንም የየራሳቸው ምዕራፎች ኖሯቸው አንባቢው ለምዷቸዋል። ግድያው ራሱ የሚታየው በአርያ ምዕራፍ ነው። ጦርነቱን የበኩር ልጁ ሮብ ይረከባል፤ የንጉሡ ልጆች እውነተኛ አባት ማን ነው የሚለውን ምስጢር ደግሞ የንጉሡ ወንድም ስታኒስ ይዞት ይነሣል።

አሁን ወረቀት አውጣና ሟችህ ሳይጨርስ የሚተዋቸውን ነገሮች በሙሉ ጻፍ፤ ቂም፣ መሐላ፣ ምስጢር፣ ዕዳ፣ ሰይፉ ሳይቀር። ከእያንዳንዱ ጎን ወራሹን አስቀምጥ። ወራሹ ከሞቱ በፊት ቢያንስ በ3 ምዕራፍ ውስጥ የራሱን ፍላጎት ይዞ መታየት አለበት። ከሞቱ በኋላ የምታስተዋውቀን ወራሽ ልቅሶ ቤት ገብቶ ንብረት የሚቆጥር ባይተዋር ነው የሚመስለው።

የሞቱን ምክንያትም መርምር። ኔድ የደረሰበትን ምስጢር ለንግሥቲቱ ለሰርሴ አስቀድሞ የነገራት ልጆቿን ይዛ እንድታመልጥ ብሎ ነው፤ ያው ደግነቱ ገደለው። ያንተ ሰው በባከነ ቀስት ከሞተ ዝርዝሩም አያድንህም።

ሞንታዥ፦
የስክሪኑን እኔ ልመልስ። ደራሲ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ይገባል፤ ካሜራ በር ላይ ይቀራል። ቀዩ ሠርግ (እንግዶቹ በደጋሾቹ የሚታረዱበት ግብዣ) ላይ የሚታረደው ሮብ በመጽሐፎቹ ውስጥ አንድም የራሱ ምዕራፍ የለውም፤ የምናየው በእናቱ በኬትሊን ዓይን ነው። ስለዚህ እዚያ የሚያመን የእናት ሕመም ነው። ቴሌቪዥኑ ይህ መንገድ ስለሌለው ሮብን በቀጥታ እንድንወደው የፍቅር ትዕይንቶች ጨመረለት። መጽሐፉ ላይ ሚስቱ ጄይን ሠርጉ ላይ አልነበረችም፤ በ2013 በታየው ሲዝን 3፣ ክፍል 9 ግን ታሊሳ ነፍሰ ጡር ሆና እዚያው አለች፤ መጀመሪያ የምትወጋውም እሷ ናት።

የእጅጌውን ነገር ልብ በሉልኝ። ኬትሊን ከልብስ ሥር የብረት ጥሩር የምታገኘው መጽሐፉ ላይ ከደጋሹ ቤተሰብ ከኤድዊን ፍሬይ እጅጌ ነው፤ ስክሪን ላይ ከሩስ ቦልተን። ኤድዊንን ተመልካቹ ከቁብ አይቆጥረውም፤ ቦልተንን ግን ከሲዝን 2 ጀምሮ ከሮብ ጎን ሲመክር አይቶታል። ድምፁም እንዲሁ፦ በሩ ይዘጋል፣ የጠላቶቹ የላኒስተሮች ዘፈን ይጀመራል፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ የሠሪዎቹ ስም የሚወርደው ያለ ምንም ሙዚቃ ነው።

ተጠራጣሪው፦
ወራሽ ሳይኖር መግደል ምን እንደሚያጎድል ለማየት የንግሥት ዴነሪስ ጠባቂ ባሪስታን ሴልሚ ይበቃል። እስካሁን በወጡት መጽሐፎች በሕይወት አለ፤ ዴነሪስ በሌለችበት የምትገዛትን የሚሪን ከተማ ሽኩቻ የምናየውም በእሱ ምዕራፎች ነው። ስክሪኑ ሲዝን 5 ላይ ጎዳና ውጊያ ውስጥ ገደለው፤ ስለ ወንድሟ ስለ ሬጋር በቅርብ የሚያውቅ ሰው ከአጠገቧ ጠፋ፣ ቦታውንም የተካ የለም።

ደግሞ ሙት ማስነሣት እንዳያምርህ። ካማረህም ዋጋ አስከፍል። በ2000 በወጣው ሦስተኛው መጽሐፍ መዝጊያ ላይ ኬትሊን ጉሮሮዋ እንደተቆረጠ፣ በቀል ብቻ ቀርቶላት ትመለሳለች፤ ተከታታዩ ይህን ጭራሽ ተወው። ጆን በሲዝን 5 መጨረሻ ሞቶ በሲዝን 6፣ ክፍል 2 ተነሣ። እስከ ሞት ከሚጸናው የግንብ ጠባቂነት መሐላው ነጻ ስላወጣው ለሴራው ጠቅሟል፤ ግን ከዚያ ወዲያ ጦር መሃል ሲገባ እኔ በበኩሌ አልሠጋሁለትም።

ጀማሪው፦
ዘረዘርኩ። 9 ጉዳይ ወጣ፤ 4ቱ ወራሽ የላቸውም። 3ቱ ደግሞ ምዕራፍ 18 ላይ ገና ብቅ በምትል እህቱ ላይ ወድቀዋል።

ቀይ እስክሪብቶ፦
በሽታህን አገኘኸው። እህትየዋን ምዕራፍ 4 ላይ አስገባት፤ 7 እና 11 ላይ ከወንድሟ ጋር አጋጫት፤ የምታለቅስለት ብቻ ሳትሆን የምትቃወመውም ትሁን። ከ4ቱ ወራሽ አልባዎች 2ቱን በሕይወት እያለ ቋጫቸው፣ አንዱን ለገዳዩ ስጠው (ገዳይ ጥሩ ወራሽ ነው፣ ብዙ ጸሐፊ ይረሳዋል)፣ የቀረውን ሰርዝ። ምዕራፍ 15ን በእሷ ዓይን ክፈትና ቀብሩን ከ2 ገጽ አታሳልፈው።