ለ14 ሰው የቅዳሜ ዶሮ ወጥ፦ ሽንኩርቱ ስንት ኪሎ፣ ሥራው መቼ ይጀመር?

የቅዳሜ_ድግስ፦

ሰላም ለሁላችሁም። በመጪው ቅዳሜ ማታ በ1 ሰዓት (በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው) 14 ጓደኛሞች እቤት እንሰበሰባለን። ዋናው ምግብ ዶሮ ወጥ ነው፤ አብሮት ምስር፣ ጎመንና አይብ ይኖራል። ቤቱ ቨርጂኒያ ውስጥ አፓርታማ ነው፣ ምድጃው የኤሌክትሪክ፣ ትልቁ ድስት 10 ሊትር ይይዛል። የአንድ ዶሮ ልክ አይጠፋኝም። ሲበዛ ግን ወጡ ይቀጥናል፣ ሽንኩርቱም ሳይሟሟ ጥርስ ላይ ይቀራል።

ስንት ዶሮ፣ ስንት ኪሎ ሽንኩርት፣ ስንት በርበሬና ቅቤ ይበቃል? ዓርብ ማታ ተሠርቶ ሊያድር የሚችለው የቱ ነው? እዚህ ያለው ዶሮ ቶሎ ይፈራርሳል፤ መላ አለው? ደግሞ ከእንግዶቹ ሁለቱ ሙስሊሞች፣ አንዷ ስጋ የማትበላ ናት። ሁሉም ከአንድ ገበታ ተነስተው ጠግበው እንዲሄዱ እፈልጋለሁ።

ቁሌት_በዝግታ፦

እህቴ፣ ከዶሮው ልጀምር። አንድ ዶሮ በወጉ ሲበለት 12 ብልት ይወጣዋል፣ ስለዚህ ሦስት ዶሮ 36 ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ሲደርስ 28 ያልቃል፤ ትርፉን 8 አትይው፣ አንገትና ጀርባ ብዙ ስጋ ስለሌላቸው ለመድገሚያ የሚሆነው ጥቂት ነው። እያንዳንዱ ዶሮ 1 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝን። እንቁላል 18 ቀቅይ፤ 14ቱ ለሰው፣ 4ቱ ለሚሰነጠቅና ለሚደግም።

ለሦስት ዶሮ ተልጦ 5 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ 350 ግራም በርበሬ፣ 500 ግራም ንጥር ቅቤ፣ አንድ ብርጭቆ ዘይት፣ 150 ግራም ነጭ ሽንኩርት፣ 60 ግራም ዝንጅብል፣ መጨረሻ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ መከለሻ። ምስሩንም ከዚሁ ቁሌት ማውጣት ካሰብሽ ሽንኩርቱን 6 ኪሎ፣ በርበሬውን 420 ግራም አድርጊው።

አሁን ወደ መቅጠኑ። ሽንኩርት ከ10 እጁ 9 እጅ ያህሉ ውሃ ነው። 5 ኪሎ ስትጥጂ ከ4 ሊትር በላይ ውሃ በእንፋሎት መውጣት አለበት። በአንድ ጥልቅ ድስት ታጭቆ ሲጣድ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ተመልሶ ይወርዳል፤ ሽንኩርቱ መቁላላቱ ቀርቶ ይቀቀላል። ከዚያ ሰው ይቸኩልና በርበሬውን ይጨምራል፣ ወጡም ሲቀርብ ውሃው ወዲህ፣ ሽንኩርቱ ወዲያ ይሆናል። ስለዚህ ለሁለት ሰፋፊ ድስት ክፈዪው፣ ክዳን አታድርጊበት። ቂጡ ወፍራም ድስት ምረጪ፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ስስ ድስት መሐሉ እያረረ ዳር ዳሩ ጥሬ ይቀራል።

አከታተፉ ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። በመፍጫ የሚፈጨው ሰው እስኪላም ያዞረዋል፤ ያኔ ውሃውን አንዴ ይለቅና መራራ ቃና ያመጣል። ነካ ለቀቅ እያደረግሽ፣ የሩዝ ፍሬ ሲያክል አቁሚው። ጥቂት ጥቂት ጨምሪ፤ ማሽኑ ከሞላ ከታች ያለው ሊጥ ሲሆን ከላይ ያለው ሳይነካ ይቀራል። ጥርስ ላይ የሚቀረው እሱ ነው።

ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት፣ በእንጨት ማማሰያ እያማሰልሽ አቁላዪው። ለዚህ መጠን ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ይፈጃል፣ ይህን ማሳጠር አይቻልም። ምልክቱ ይኸውልሽ፦ ማማሰያውን በድስቱ ቂጥ ላይ ስትጎትቺ መንገድ ይከፈታል፤ መንገዱ ውስጥ ውሃ ካልገባና ቀስ ብሎ ከተዘጋ ደርሷል። ቀለሙ የጥሬ ቆዳ መልክ ይይዛል፣ ሽታው ከሚያስለቅሰው ወደ ጣፋጩ ይዞራል። መያዝ ከጀመረ ግማሽ ጭልፋ ሙቅ ውሃ ጣል አድርጊ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሙቀቱን ይሰብረዋል። ካረረ በፍጹም አትፋቂው! ያልነካውን ወደ ሌላ ድስት ገልብጪ። ቂጡ ላይ የተቃጠለው ትንሽ ነገር ከተፋቀ 5 ኪሎውን መራራ ያደርገዋል።

ቀጥሎ ዘይቱ፣ ከዚያ በርበሬው። በርበሬውን አስቀድመሽ በለብ ያለ ውሃ አርሺው፤ ደረቁን በጋለ ዘይት ላይ ከበተንሽው በደቂቃ ውስጥ ይጠቁርና ይመራል። እሳቱን ቀንሺና ቢያንስ 45 ደቂቃ፣ በየ5 ደቂቃው ሩብ ጭልፋ ሙቅ ውሃ እያጠጣሽ አብስዪው። ጥሬ ሽታው ጠፍቶ ዘይቱ ከዳር ዳር ቀላ ብሎ ሲንሳፈፍ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ጨምሪ፣ ሌላ 15 ደቂቃ። እንግዳ በልቶ ሲያቃጥለው በርበሬው በዛ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ በርበሬው አለመብሰሉ ነው።

ሸክላ_ድስት፦

ከላይ ያለው ልክ ነው፣ ቅቤው ላይ ግን መቼ እንደሚገባ አልተነገረም። ብዙ ሰው 500 ግራሙን በአንዴ ከበርበሬው ጋር ያስገባዋል። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው ሁሉ መዓዛው በእሳት ብዛት ይተናል፤ ሦስት ሰዓት የተንተከተከ ቅቤ ቅባቱ ብቻ ይተርፋል። 300 ግራሙ ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ፣ ዶሮው ከመግባቱ በፊት ይግባ። 200 ግራሙ ሊወጣ 15 ደቂቃ ሲቀረው ከመከለሻው ጋር።

ቅቤውን እዚያው የምታነጥሪው ከሆነ ጨው የሌለበትን ግዢ። ጨው ያለበት ሲነጠር ጨው ሊቀርበት ይችላል፣ የወጡንም ልክ ያዛባል። ከ1 ኪሎ የሱቅ ቅቤ 800 ግራም ገደማ ይወጣል፤ የቀረው ውሃና አንጓላ ነው። አንጓላው ወርቃማ ሲሆን አውርጂና በጨርቅ አጥልይ፤ ቡናማ እስኪሆን ከቆየ ቅቤው ያረረ ይሸታል።

ስለ ዶሮው፦ የሱቁ ዶሮ ዕድሜው ሁለት ወር አይሞላም፣ ጅማትም አልያዘም። የሀበሻ ዶሮ ሁለት ሰዓት ቢንተከተክ ይችላል፤ ይኼኛው 35 ደቂቃ ካለፈው ስጋው ከአጥንቱ ይለቃል። ከቻልሽ እንቁላል የጣለች ያረጀች ዶሮ ፈልጊ፣ ሐላል የሚሸጡ ሱቆችና የእስያ ሱቆች ያመጧታል። እሷ ከ1 ሰዓት ተኩል በላይ ትወስዳለች፣ ስለዚህ ከለጋው ጋር በአንድ ድስት አታጣምሪ።

ለጋው ብቻ ከተገኘ ቆዳውን ግፈፊ፣ በሎሚና በጨው 20 ደቂቃ ዘፍዝፊ። ሌሊቱን ሎሚ ውስጥ የሚያሳድሩት አሉ፤ አሲዱ የስጋውን ፊት ያበስለውና እንደ ቡሽ ይሆናል። ስታጥቢ በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይሁን እንጂ ከቧንቧ ሥር አይሁን፤ የሚረጨው ውሃ የጥሬ ዶሮውን ጀርም ጎመንሽ ላይ ያደርሰዋል። ካጠብሽ በኋላ በወንፊት ላይ አንጠፍጥፊውና በንጹሕ ጨርቅ አድርቂው፤ ቀጭን ወጥ ከሽንኩርቱ ብቻ አይመጣም፣ ዶሮው ይዞት የሚገባውም ውሃ አለ።

መጀመሪያ ታፋውንና እግሩን አስገቢ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ፈረሰኛውንና ክንፉን። ከገባ በኋላ በማማሰያ አትቆፍሪው፤ ድስቱን በጆሮው ይዘሽ ወዝወዝ አድርጊው። እንቁላሉን 10 ደቂቃ ቀቅለሽ ልጪ፣ አራት ቦታ ስስ አድርገሽ ቁረጪ፣ አስኳሉን ግን እንዳትነኪ። አስኳሉ ከተከፈተ ወጡ ውስጥ ይበተንና ቀለሙን ያደፈርሰዋል። ሊወጣ 10 ደቂቃ ሲቀረው ይበቃዋል።

ትሪ_ዘርጊ፦

ስለ እንግዶቹ ማንም ስላልመለሰ እኔ ልሞክር። በኛ ባህል የክርስቲያን ስጋና የእስላም ስጋ ተለይቶ እንደሚበላ ታውቂያለሽ። ውጭ አገር ግን አንዱ አጥብቆ ይይዘዋል፣ ሌላው ይተወዋል፤ መገመት አይቻልም። ዛሬውኑ ለእያንዳንዳቸው ደውለሽ ጠይቂ፣ ጥያቄው ማንንም አያስከፋም። ገበታ ላይ ተቀምጦ «እኔ ይቅርብኝ» ማለት ነው የሚከብደው።

ደግነቱ ቁሌት ውስጥ ስጋ የለም። ስለዚህ ድስቱ አንድ ሆኖ ሦስት ወጥ ይወጣዋል። በርበሬው በስሎ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ከገቡ በኋላ፣ ቅቤ ሳይነካው፣ ስድስተኛውን እጅ ለምስሩ አንሺ። 500 ግራም የታጠበ ምስር ክክ በዚያ ላይ ጨምረሽ በሙቅ ውሃ ስታበስዪው 25 ደቂቃ አይፈጅም፤ ስጋ የማትበላው እንግዳሽም፣ የሚጾም ቢኖርም ያለ ሐሳብ ይበላዋል። ከቀረው ደግሞ ለሁለቱ እንግዶች የሚሆነውን ለይተሽ በትንሽ ድስት አድርጊና የሐላል ዶሮውን እዚያ አብስዪ፤ ከሦስቱ ዶሮ አንዱ ይህ ይሁን። ማማሰያ፣ ጭልፋና ቢላ ይለያዩ። አንዳንዱ ሰው ዶሮ ወጥ ውስጥ ጠጅ ወይም ወይን ጠጅ ጠብ ያደርጋል፤ በዚህ ቀን ሙሉ በሙሉ ተዪው።

ስለ ጊዜው። ሐሙስ ግዢ። ዓርብ ማታ ቁሌቱ ያልቃል፣ በቀዝቃዛም ያድራል፤ በማግሥቱ እንዲያውም ይበልጥ ተዋሕዶ ታገኚዋለሽ። ግን ሙሉውን ድስት ምድጃ ላይ አታሳድሪ፤ ወፍራም ነገር መሐሉ ሌሊቱን ሙሉ ለብ ብሎ ይቆይና ይበላሻል። በሰፋፊ ዝቅ ያሉ ዕቃዎች ከፋፍለሽ በ2 ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ አስገቢ። አይብና የተቀቀለ እንቁላልም (ሳይላጥ) ዓርብ ሊሠራ ይችላል። ለጋውን ዶሮ ግን ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት አትጣጂው፤ በስሎ የቆየ ለጋ ዶሮ ሲሞቅ ነው የሚፈራርሰው። በ11 ሰዓት ተኩል ወጥቶ ክዳኑን ገርበብ አድርገሽ ይረፍ።

አይቡን ከሱቅ አሬራ መሥራት ይቻላል፣ 4 ሊትሩ 600 ግራም ገደማ ይሰጣል። በዝቅተኛ እሳት፣ ሳትነካኪ፣ ነጩ ከአጓቱ እስኪለይ። ከፈላ ይጠነክርና እንደ ላስቲክ ይሳባል። እንዲቀዘቅዝ ተይውና በጨርቅ አንጠልጥይ።

እንጀራ 30 እዘዢ፣ ቅዳሜ ጠዋት የሚደርስ። ማቀዝቀዣ ውስጥ አይግባ፣ ይደርቃል፤ ሞቅ እያለም በፕላስቲክ አይታሰር፣ ያልበዋል። አቀራረቡን በሦስት ትሪ አድርጊው፣ አምስት፣ አምስት፣ አራት ሰው። ለ14 ሰው አንድ ትልቅ ገበታ ያምራል፤ ዳር ያለው ሰው ግን እጁ መሐል ላይ አይደርስም፣ ጉርሻም የሚሰጠው ከጎኑ ላለው ብቻ ይሆናል። ብልቱን ከማቅረብሽ በፊት በትሪ ትሪው ቁጠሪ፤ የሐላሉ ዶሮ ያለበት ትሪ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ።

ቡና ለመቁላት መስኮት ክፈቺ፣ የምድጃውን አየር መሳቢያ አብሪ። የጭስ ጠቋሚው የሚጮኸው ቁሌቱን ሸትቶ ሳይሆን ቡናውን ነው። ለ14 ሲኒ ሁለት ጀበና፣ 150 ግራም ቡና ለአቦሉ ይበቃል።

የቅዳሜ_ድግስ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ከአንዱ ቁሌት ሦስት ወጥ የሚለው ትልቁን ጭንቀቴን አቀለለልኝ። አንድ የቀረኝ፦ የምገዛው በርበሬ በጣም ጨዋማ ነው። ጨው በመጨረሻ ብጨምር ይበቃል? ድንገት ቢጨውስ?

ቁሌት_በዝግታ፦

ዓርብ በርበሬውን ከማርጠብሽ በፊት በምላስሽ ቅመሺው። ጨው ከተሰማሽ ቁሌቱ ውስጥ ምንም ጨው አታድርጊ። ዶሮው ከሎሚው ጋር የነካውንም ጨው በደንብ እጠቢው። የመጨረሻውን ልክ ዶሮው ገብቶ 20 ደቂቃ ካለፈው በኋላ በእንጀራ ጠቅሰሽ ቅመሺ እንጂ በማንኪያ አይሁን፤ እንጀራው ጨውና ቅመም ይሰብራል፣ በማንኪያ ልክ የመሰለሽ ወጥ ገበታ ላይ አልጫ ይሆናል።

ከጨወ ድንች መጨመር የሚሉት ብዙም አይረዳም፣ ድንቹ የሚመጠው መረቁን ነው። የሚያድነው ያልጨወ ቁሌት ነው። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ለብቻው፣ ያለ በርበሬና ያለ ጨው ዓርብ አቁላልተሽ በትንሽ ዕቃ አስቀምጪ። ከጨወ እሱን ጨምረሽ 15 ደቂቃ አንተክትኪው፤ ካልጨወ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ሦስት ወር ይቀመጥልሻል።