የጊዜ ቀጠሮ የተጠየቀበት ተጠርጣሪ፦ ማን ምን ይወስናል?

ጠያቂ (ጅማ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ባጃጅ የሚያሽከረክረው ታናሽ ወንድሜ ሄርማታ ገበያ አካባቢ በስርቆት ተጠርጥሮ ተይዟል። በማግስቱ ፍርድ ቤት ሲቀርብ መርማሪው ገና ምስክር እንዳልሰማ በመግለጹ ዳኛው ለምርመራ የ14 ቀን ጊዜ ቀጠሮ ፈቀዱ። እናታችን ተፈረደበት ብላ እህል አልቀምስ ብላለች። ፖሊስ ዘንድ ስንሄድ ዐቃቤ ሕግን ጠይቁ፣ እዚያ ስንሄድ ደግሞ ፍርድ ቤት ነው ይሉናል።

አባል 1 (ጠበቃ)፦ እናትዎን ያጽናኑልን፤ የተሰጠው የምርመራ ጊዜ እንጂ ቅጣት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ በ1954 የወጣውና አሁንም የምንሠራበት የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 59 አንዱ ጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የሚያሳዝነው፣ ቀጠሮው ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ሕጉ አለመገደቡ ነው። ፖሊስ ይመረምራል፤ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡ በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ይከስሳል፣ አለዚያም ተጨማሪ ምርመራ ያዛል ወይም መዝገቡን ይዘጋል፤ ወንድምዎ በዋስ ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለው ግን አሁን የዳኛው ሥልጣን ነው። ስለዚህ ልመናችሁን ትታችሁ በሚቀጥለው ችሎት ዋስትና ጠይቁ፤ መርማሪውም ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ምን እንደሠራ እንዲያስረዳ አመልክቱ።

አባል 2፦ ሽማግሌ ልካችሁ ከተበዳይ ጋር ብትታረቁ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል።

አባል 1፦ እርቅ መልካም ነው፤ ሆኖም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስርቆት በመርህ ደረጃ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ባለመሆኑ፣ ተበዳዩ ይቅር ቢልም ዐቃቤ ሕግ ሊቀጥል ይችላል። በዚያ ላይ ወንድምዎ አልሰረቅሁም የሚል ከሆነ ካሣ ለመክፈል መሮጥ እንደ ማመን እንዳይቆጠርበት እፈራለሁ።

አባል 3፦ የችሎቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ወንድምዎ በደንብ የማይሰማ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት ይጠይቅ። ጠበቃ ለማቆም አቅም ካጣችሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልን። ባጃጁም ተይዟል፤ ንብረቱ የሌላ ሰው ነው።

አባል 1፦ ባለቤቱ ሊብሬውን ይዞ በጽሑፍ ያመልክት። ለማስረጃነት የማያስፈልግ ከሆነ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል፤ ፖሊስ እንቢ ቢል አቤቱታውን ለዚያው ችሎት ያቅርብ።