አብረን ጮክ ብለን የምናነበው የሥዕል መጽሐፍ ጠቁሙኝ

ጥያቄ፦ ትንሿ ልጄ አራት ዓመቷ ነው፤ ትልቋ ሰባት። ሁለቱንም የሚይዝ የሥዕል መጽሐፍ የቱ ነው? ትልቋ «የሕፃን ነው» እያለች ትሸሻለች።

መልስ፦ እህቴ፣ የኤሪክ ካርልን «የተራበች አባጨጓሬ» የሚለውን መጽሐፍ ሞክሪው። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣ ነው፤ እኛ ቤት ግን ዛሬም አልተጠገበም። አባጨጓሬዋ የበላችው ፍሬ ላይ እውነተኛ ቀዳዳ አለ። ልጄ ጣቱን እዚያ ካልከተተ ገጽ መግለጥ የለም! ትልቋ ታንብብ፣ ትንሿ ፍሬዎቹን ትቁጠር። አንባቢ ስትሆን ኩራቱ ይይዛታል።

ሌላ መልስ፦ እኔ የሚደጋገም ሐረግ ያለውን እመርጣለሁ። ማንበብ የማይችለውም ቦታው ሲደርስ አብሮ ይጮሃል። ጽሑፍ የበዛበትን ለጊዜው ተዪው።

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ! ጽሑፍ የሌለውስ ይሆናል?

መልስ፦ እንዴታ! ታሪኩን ትልቋ ከሥዕሉ ትፍጠረው።