አያቴ «የዓለማያ ምሩቅ ነኝ» ይሉ ነበር፤ ፎቷቸው ግን ጅማ ይላል

የአያቷ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የድሮ የዓለማያ (የዛሬው ሐረማያ) ተማሪዎች ካላችሁ እርዱኝ።

አያቴ አምና አርፈዋል። ለቤተሰብ የሚሆን አጭር የሕይወት ታሪካቸውን እየጻፍኩ ነው። የግብርና ሰው ነበሩ። ችግኝ ያለ ወሩ የተከለ ሰው እሳቸው ዘንድ ስሙ ይጠፋ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ «የዓለማያ ምሩቅ ነኝ» እያሉ ኖሩ።

አሁን ሣጥናቸው ሲከፈት ሁለት ነገር ወጣ። አንዱ ፎቶ ነው። አራት ወጣቶች ካኪ ለብሰው ትራክተር ፊት ቆመዋል፤ ከግራ ሁለተኛው አያቴ ናቸው። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ጅማ 1955» ተጽፏል። ሌላው የመጀመሪያ የሥራ ደብዳቤያቸው ነው። 1951 ዓ.ም. ይላል፤ «የኤክስቴንሽን ሠራተኛ» (ገበሬውን የሚያማክር ማለት ነው) ተብለው ተቀጥረዋል። የሚገርመው ደብዳቤውን የጻፈው ግብርና ሚኒስቴር ሳይሆን ኮሌጁ ራሱ ነው። ዲግሪያቸው ቤት ስንቀይር ጠፍቷል።

ዓለማያ ያለው ሐረር አጠገብ ነው፤ ጅማ ደግሞ በሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ። አጎቴ «የተማሩት ጅማ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው፤ ዓለማያን ራሳቸው ጨምረውበት ነው» አለ። እናቴ ይኸው ሁለት ሳምንት አኩርፋዋለች። ማን ነው ልክ?

ቡና በጀበና፦

ነፍስ ይማር። ቀላል ነው እኮ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ይሆናላ።

ቀድሞ ሬጅስትራር፦

እግዜር ያጥናችሁ ልጄ። እኔ እዚያው ግቢ በ1970ዎቹ ተማርኩ፤ ከዚያም ብዙ ዓመት ሬጅስትራር ውስጥ ሠራሁ።

መጀመሪያ ቡና በጀበና፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ስሙ የተቋቋመው በ1992 ነው። ያን ጊዜ ጅማ የነበረው የግብርና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። ቁልፉ ያለው እዚያ ነው።

በ1944 ግንቦት ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካኖቹ ጋር ተዋዋለ። «ፖይንት ፎር» በሚባለው የእርዳታ ፕሮግራም የኦክላሆማ ግብርናና መካኒክ ኮሌጅ መጥቶ የግብርና ኮሌጅ ሊያቋቁምልን ነው። ቦታው ዓለማያ ሆነ፤ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሐይቁ አጠገብ። (ሐይቁ በኋላ ደርቆ ከብት ሲግጥበት ያየ ሰው ምን እንደተሰማው አልነግርሽም።) ግን ሜዳ ላይ ማስተማር አይቻልም። ግንባታው እስኪያልቅ የኮሌጁ ተማሪዎች ጅማ፣ ያው ቴክኒክ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተማሩ። ወደ ዓለማያ የተዛወሩት በ1949 ገደማ ነው። ጃንሆይ መጥተው የመረቁት ጥር 8 ቀን 1950 ነው።

ስለዚህ «ዓለማያ ኮሌጅ ገብቼ ጅማ ተማርኩ» የሚል ሰው አይዋሽም።

አሁን ወደ ፎቶው። «1955» የሚለው የማን አቆጣጠር ነው? በእኛ ከሆነ አይሆንም፤ አያትሽ በ1951 ሥራ ይዘዋል። ስለዚህ የፈረንጅ ነው፤ በእኛ 1947 ወይም 1948 መሆኑ ነው። ያን ጊዜ መምህራኑ አሜሪካኖች፣ መዝገቡም ፎቶውም በእነሱ አቆጣጠር ነበር። የዚያን ዘመን ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው። በሰባትና በስምንት ዓመት ልዩነት ስንት ሰው ተሳስቷል መሰለሽ።

ደብዳቤውም አይግረምሽ። አሜሪካኖቹ ይዘውት የመጡት ሥርዓት አንድ ኮሌጅ ያስተምራል፣ ይመራመራል፣ ገበሬውንም ያማክራል የሚል ነው። የኤክስቴንሽን ሥራ ወደ ግብርና ሚኒስቴር የዞረው በእኛ አቆጣጠር በ1955/56 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የተቀጠረ ሰው ደብዳቤው ከኮሌጁ መምጣቱ ትክክል ነው።

ግን ለአጎትሽም ትንሽ ልፍረድለት። ከመጀመሪያዎቹ የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ብዙዎቹ ከጅማና ከአምቦ ቴክኒክ ትምህርት ቤቶች የወጡ ልጆች ነበሩ፤ ዲግሪ የላቸውም። ፎቶውም ደብዳቤውም ለሁለቱም ይሆናል። ደግሞ ሁለቱንም የተማረ አለ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ፣ በማሽላ ምርምር የዓለም የምግብ ሽልማትን የወሰዱት፣ ከጅማ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ወደ ዓለማያ የገቡ ናቸው። ስለዚህ የሚፈርደው ፋይሉ ነው እንጂ ፎቶው አይደለም።

የአያቷ ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! እናቴ ግማሹን ሰምታ አጎቴ ጋ ልትደውል ስልክ አንስታ ነበር፤ የመጨረሻውን አንቀጽ ሳነብላት መልሳ አስቀመጠችው 😅

ፋይሉ የት ነው የሚገኘው? አንድ ዘመዳችን አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ጠይቂ አለኝ። እውነት ነው?

ቀድሞ ሬጅስትራር፦

ዘመድሽ ያለ ምክንያት አላለም፤ ለአያትሽ ግን አይሠራም። የዚያ ግቢ ወረቀት ራስጌው በየዘመኑ ይቀያየራል። ሳናውቀው ቀርተን ሳይሆን ጌታው ስለሚለዋወጥ ነው።

መጀመሪያ «የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻና የመካኒክ ጥበባት ኮሌጅ» ዓይነት ረጅም ስም ነበረው። በ1953 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም በዚያ ሥር ገባ። የኦክላሆማ ውል በ1960 አለቀ። ከአብዮቱ በኋላ ወረቀቱ «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» ማለት ጀመረ። በ1977 ግንቦት ራሱን ችሎ የዓለማያ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ግብርና የሚለው በኋላ ወደቀ፤ በ1998 ደግሞ ሐረማያ ተባለ። አንድ ግቢ፣ አንድ ሐይቅ፣ ይኼ ሁሉ ማኅተም! እዚያው ባቴ በር ላይ ቆሞ «እኔ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው የተመረቅሁት» ብሎ ከጥበቃ ጋር የሚከራከር ሽማግሌ አይቻለሁ። ልክ ነበሩ።

አያትሽ በ1951 ሥራ ከያዙ ግን ስድስት ኪሎ ከዓለማያ ጋር ገና አልተገናኘም። የምትጠይቂው ሐረማያ ሬጅስትራርን ነው። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ የጅማው ትምህርት ቤት በኋላ የግብርና ኮሌጅ ሆኖ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለገባ፣ እዚያ። አየህ ቡና በጀበና፣ ያልከው ባይሆንም አቅጣጫው አልሳተም።

የድሮ ፋይል ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ስስ ካርቶን ነው፤ ጫፉ ተበልቷል። ውስጡ የመግቢያ ፎርም አለ፤ በታይፕ የተመታ የውጤት ካርድ አለ፤ አንዳንዴ ዋናው ሄዶ የካርቦኑ ቅጂ ብቻ ይቀራል፤ ፊደሉ ሰማያዊ ሆኖ ይደበዝዛል። ፎቶው በእስፒል ነው የተያዘው። እስፒሉ ዝጎ ግንባሩ ላይ ቡናማ ነጥብ ይተዋል። የ1960ዎቹ ልጆች ፋይል ከሆነ መሐሉ ላይ ክፍተት ታያለሽ፤ ሴሚስተሩ ዝም ብሎ ይዘላል። አቋርጦ አይደለም፣ ዘመቻ ሄዶ ነው። በ1967 ተማሪው ሁሉ ለዕድገት በኅብረት ዘምቶ ትምህርት ተዘግቶ ነበር። ይህን የማያውቅ ወጣት ሠራተኛ «ይኼ ሰው ዊዝድሮው ሞልቶ ነበር?» ብሎ ሲጠይቀኝ ቡናዬን አስቀምጬ ነው ያስረዳሁት።

ዳላስ ነኝ፦

ሰላም ቤተሰብ። የኦክላሆማውን ስም ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ያ ኮሌጅ ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስቲልዋተር የምትባል ከተማ፣ ከእኔ ቤት በመኪና አራት ሰዓት ገደማ። ጃንሆይ ራሳቸው በ1946 ሰኔ እዚያ ሄደው ጎብኝተዋል።

የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያውን ፕሮግራም ሰነድና ፎቶ በአርካይቭ ይዟል፤ እዚያ ያስተማሩ አሜሪካኖች ሪፖርትም አለ። የውጤት ካርድ አትጠብቂ። የትራክተሩን ፎቶ ግን ፊትና ጀርባውን ስካን አድርገሽ ላኪላቸው። ቦታውን በሕንፃው ሊለዩት ይችላሉ።

አንድ ምክር፦ ፈረንጅ ሰነድ ሲያደራጅ በአባት ስም ነው። አያትሽን በራሳቸው ስም ብቻ ከፈለግሽ አታገኚያቸውም። ስማቸውንም በላቲን ሦስት አራት ዓይነት አድርገሽ ጻፊ። «ጸ» እና «ቀ» ያለበት ስም ከሆነማ፣ ታይፕ የመታው ሰው እንደ ሰማው ነው የጻፈው።

የአያቷ ልጅ፦

የአባታቸው ስም ውስጥ ሁለቱም አሉ። ቻው በሉኝ 😂

ጋሼ፣ ሐረማያ በአካል መሄድ አለብኝ?

ቀድሞ ሬጅስትራር፦

አስቀድመሽ በደብዳቤ ጠይቂ። ባለቤቱ ስለሌሉ የወራሽነት ማስረጃ ሊሉሽ ስለሚችሉ የእናትሽን ቅጂ ያዢ። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቦታ፣ የገቡበትንና የወጡበትን ግምታዊ ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊ። ደግሞ «ትራንስክሪፕት ስጡኝ» አትበይ። እንደዚያ ካልሽ ወረፋ ውስጥ ትገቢያለሽ። «ከ1949 እስከ 1951 ባሉት የምሩቃን ዝርዝሮች ስማቸው መኖሩን አረጋግጡልኝ» በይ። ዝርዝሩ አጭር ነው፤ የዚያን ጊዜ ምሩቅ ጥቂት ነበር።

ስማቸው ከሌለ ለጅማ ጻፊ። እስከዚያ ግን አጎትሽንና እናትሽን አስታርቂ።

ቡና በጀበና፦

ስታገኚው እዚሁ ጻፊልን። እኔ በአጎቷ በኩል ነኝ።